ሙቀት ሲጨምር መብራት ለምን ይጠፋል?



ከመካከላችን ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ኩዌት ውስጥ ከሙቀቱ የተነሳ የኤሌክትሪክ ፍላጎት ከአቅም በላይ ሆኖ፣ በአንዳንድ ሰፈሮች በቀን እስከ 2 ሰዓት መብራት በፈረቃ ተቋርጦ ነበር። ነዳጅ የሞላባት አገር እንዴት መብራት ያጥራታል? ችግሩ ሁሉም ቤት በአንድ ላይ ኤሲ በሚከፍትበት ከሰዓት ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ቤቱን 24 ዲግሪ ላይ ማቆየት ፈለግን እንበል። ውጪው 34 ሲሆን ልዩነቱ 10፣ 44 ሲሆን 20 ነው፤ በግድግዳ የሚገባው ሙቀት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። (በጁሙዓ መስጂድ ሲሞላ ደግሞ እያንዳንዳችን 100 ዋት ያህል ሙቀት እንለቃለን፤ ያንን እዚህ አልቆጠርነውም።) ኤሲው ግን ሙቀቱን የሚጥለው ይበልጥ ወደ ሞቀ አየር ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ጁል የሚለፋው ልፋትም ይጨምራል። ቴርሞዳይናሚክስ ላይ የተማርነውን ካርኖን ብንጠይቅ ፍጆታው 4 እጥፍ ይሆናል ይለናል። እውነተኛው ማሽን በዚያ ልክ ባይባባስም እጥፉን ማለፉ አይቀርም።

በዚያው ሰዓት ማመንጫውም ይደክማል። የሞቀ አየር ስስ ስለሆነ ጋዝ ተርባይኑ የሚስበው የአየር መጠን ይቀንሳል፣ የሚሰጠው ኃይልም አብሮ ይወርዳል። መስመሩና ትራንስፎርመሩም ሲግሉ የሚሸከሙት ያንሳል። "አማካይ ሙቀት 1 ዲግሪ ጨመረ" ሲባል ቀላል የሚመስለን ይህን ስለማናይ ነው። ኔትወርክ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ2016 የኩዌቷ ሚትሪባ 53.9 ዲግሪ እንደደረሰችበት ላለ ቀን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ኤሲ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ጭነቱ የሚከብደው ምሽት ላይ በምጣድና በመብራት ነው። ሰመራና ጎዴ ግን ሌላ ናቸው። ከ100 ዋት በታች በሚወስድ ቬንትሌተር የኖረ ቤት 1,000 ዋት አካባቢ የሚወስድ ኤሲ ሲያስገባ፣ ፍላጎቱ በአንድ ግዢ ከ10 እጥፍ በላይ ዘለለ። የአገሪቱን አማካይ ብቻ የሚያይ እቅድ ይህን አያየውም። በዚያ ላይ ኃይላችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፤ ደጋው ዝናብ ሲያጥረው የግድቡ ውሃ ይወርዳል፣ ቆላው ግን ማቀዝቀዙን አያቆምም። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ትራንስፎርመሩ የሚያርፍበት ሰዓት የለውም።