በጠባብ ክፍል የሚፈተል ስጦታ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ኮምቦልቻ ለሚሠራው እጮኛዬ በገዛ እጄ ምን ልሥራለት?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የእጅ ሥራ ከልብ የመነጨ ገጸ በረከት ነውና የቤትሽ መጥበብ አያሳስብሽ። ሞቅ ካለው ኮምቦልቻ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደተቀመጠችው ብርዳማ ደሴ አንቺን ሊጠይቅ ሲወጣ የሚደርበውን ጋቢ፣ ማጉን ራስሽ ፈትለሽ ብታሠሪለት ክቡር መታሰቢያ ይሆነዋል። እንዝርቱና አመልማሎው በአንዲት እንቅብ ይጠቃለላሉ፤ ጥጡን በደጋን ማባዘት ግን ብናኙ ክፍሉን ስለሚሞላው በግቢ ይፈጸም። ድሩን ከገበያ ግዢ፤ ማጉን ወፈርና ላላ አድርገሽ ፍተዪ፣ እንዲህ ያለው ማግ ሙቀት ይይዛልና። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ ብዙ ፈትል ይፈጃል፤ ስለዚህ መጠኑን አስቀድመሽ ከሸማኔው ጋር ተማከሪ። ጊዜው ካጠረሽ የአንገት ልብስ ይበቃል።