ኮምፒዩተር ልቡና ይኖረዋልን?

እኔ ያደግሁት በጉለሌ፣ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። እናቴ ከእሳት የወጣውን ማሰሮ በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ድምፁን ብቻ በመስማት ስንጥቅ እንዳለበት ትለያለች። ይህንም ዕውቀት ከመጽሐፍ አላገኘችውም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ልቡና ለኮምፒዩተር መስጠት ይቻላልን?

«ድንጋዩ ማሰሮው ላይ ወደቀና ተሰበረ» ብንል፣ የተሰበረው የቱ ነው? የአራት ዓመቱ ወንድሜ እንኳ ሳያመነታ «ማሰሮው!» ይላል። ይህን የሚነግረን ሰዋስው ሳይሆን፣ ሸክላ ተሰባሪ መሆኑን በዓይናችን አይተን በእጃችን ዳስሰን ማወቃችን ነው። ለኮምፒዩተር ግን እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ዘመን አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል።

ስለዚህ ሊቃውንት ከአንጎል ለመማር አሰቡ። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ማኩሎክና ፒትስ የተባሉ አሜሪካውያን የእነዚህን ሕዋሳት ሥራ በሒሳብ ገለጹ፤ በ1958ም ፍራንክ ሮዘንብላት ከስሕተቱ የሚማር ዘዴ አቀረበ። አሠራሩም ይህ ነው፦ መልሱ በተሳሳተ ቁጥር በሰው ሠራሽ ሕዋሳቱ መካከል ያለው ግንኙነት ይስተካከላል፤ ብዙ እግር የረገጠው መንገድ እንደሚቀና ሁሉ፣ ለትክክለኛው መልስ የሚረዳው ግንኙነት ይጠነክራል።

በከተማችንም እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ፣ ኦፕንኮግ በተባለው ሥራ ተካፍሏል። ይኸውም ዕውቀትን እንደ መረብ የሚያያይዝ ነው፦ ማሰሮን ከሸክላ፣ ሸክላን ከመሰበር። ደግሞም የሰውን ትኩረት በመምሰል፣ ለጊዜው የሚያስፈልገውን ዕውቀት ያስቀድማል። የአገራችን ወጣቶች ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት በተሠራው ፕሮግራም ረድተዋል፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባን ጎብኝታለች።

ሶፊያ ፈገግ ትላለች፤ ነገር ግን ደስ ይላታልን? ማሰሮ ሲሰበር እናቴ ድካሟ በከንቱ ስለ ቀረ ታዝናለች። ኮምፒዩተርም «አዝናለሁ» ሊል ይችላል፤ ሆኖም ቃሉን መናገርና ኀዘኑን መቅመስ ለየቅል ናቸው። ኮምፒዩተር ስሜት እንዳለው እስካሁን ያረጋገጠ የለም።

እኔ ቀድሞ በክፍል ውስጥ የእናቴን ሥራ ለመናገር አፍር ነበር። አሁን ግን ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚሹት ነገር በእርሷ ጣቶች ላይ መኖሩን ተረዳሁ። ኮምፒዩተር ብዙውን ዕውቀት የሚቀስመው ከተጻፈው ነው፤ የእናቴ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ አዲሱን ጥበብ ተግተን እንማር፤ የወላጆቻችንንም የእጅ ዕውቀት ሳንንቅ ጠይቀን እንጻፈው።