የዝናም ጎርፍ ዕድፍ በኮምፒዩተር ሲሰላ ስሌቱን እንዴት እንመርምረው?

ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናም በበጋ ወራት በጣራና በመንገድ ላይ የተከማቸውን አቧራ፥ እበት፥ የመኪና ዘይትና የጎማ ብናኝ ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርዳል። በወንዙ ቁልቁል ልብስ የሚያጥብና አትክልት የሚያጠጣ ሰው ስላለ፥ የዚህን ዕድፍ መጠን ማወቅ የጤና ጉዳይ ነው። ነገር ግን በየቦዩ አፍ ሰው አቁሞ ዝናሙን ሁሉ መለካት ስለማይቻል፥ ባለሙያዎች ሞዴል የተባለውን በኮምፒዩተር የሚሠራ አምሳያ ስሌት ያዘጋጃሉ።

ከእነዚህም ስመ ጥር የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 በአሜሪካ የተሠራውና ስዊም እየተባለ የሚጠራው ነው፤ እስከ ዛሬም እየታደሰ ይሠራበታል። ይህ ሞዴል ከተማውን በትንንሽ ክፍል ይከፍልና፥ ከየክፍሉ ምን ያህል ውሃ ወደ መሬት እንደሚሰርግ፥ ምን ያህሉም እንደሚፈስ ያሰላል። ዕድፉንም ዝናም በሌለባቸው ቀኖች የሚጠራቀም፥ ጎርፍ ሲመጣም የሚታጠብ አድርጎ ይቈጥራል።

እንግዲህ ውጤቱ ሲቀርብልን ምን እንጠይቅ? ሞዴሉ የውሃውን መጠን በትክክል ቢተነብይ፥ ስለ ዕድፉም እውነቱን ተናገረ ማለት አይደለም። ውሃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ዕድፍ ግን መንገዱ ትናንት መጠረጉንና አለመጠረጉን፥ ገበያ መዋሉንና አለመዋሉን ይከተላል።

የሥዕሉ መመሳሰልም አያታልለን። በአንድ ዝናም ጊዜ ሦስት ጠርሙስ ተቀድቶ፥ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 100፥ 200 እና 300 ሚሊግራም ደለል ተገኘ እንበል (በእውነተኛ ሥራ ሦስት ጠርሙስ አይበቃም)። ሞዴሉ 200፥ 300 እና 400 ቢል፥ አወጣጡ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ በሰሌዳ ላይ ሲሣል መልካም ይመስላል። ሆኖም ናሽና ሳትክሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት መመዘኛ እንፈትነው። ስሕተቱ በየጊዜው 100 ነው፤ ይህ በራሱ ሲባዛ 10,000፥ የሦስቱም ድምር 30,000 ይሆናል። ምንም ሳያሰላ ሁልጊዜ አማካዩን 200 ብሎ የሚገምት ሰው ግን በዚሁ አሠራር ስሕተቱ 20,000 ብቻ ነው። 30,000ን ለ20,000 አካፍለን ከ1 ስንቀንስ፥ ከዜሮ በታች 0.5 እናገኛለን። ፍጹም የሆነ ሞዴል 1 ያገኛል፤ ዜሮ ያገኘው ከገማቹ አይሻልም፤ የእኛው ግን ከገማቹም አነሰ።

መምህራን እንደሚያውቁት፥ ተማሪ ባጠናው ጥያቄ ብቻ ቢፈተን ዕውቀቱ አይታወቅም። ሞዴልም ቍጥሮቹ በአንዳንድ ዝናሞች ከተስተካከሉ በኋላ፥ ባላያቸው ሌሎች ዝናሞች መፈተን አለበት። በሌላ አገር የተስተካከለውን እንዳለ ማምጣትም ያሠጋል፤ በየሳምንቱ በሚዘንብበት ከተማ የተገኘ የዕድፍ ክምችት ቍጥር ወራት የሚፈጀውን የእኛን በጋ አያውቅምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ግን ጠርሙሱ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጎርፍ ከኋለኛው ይልቅ የቈሸሸ ነው። ቀጂው ዝናሙን ተጠልሎ ቈይቶ ከደረሰ፥ የሚቀዳው አስቀድሞ የታጠበ መንገድ ውሃ ነው፤ በዚያ የተስተካከለ ሞዴልም መልካም ነጥብ እያገኘ ዕድፉን ያሳንሳል። ስለዚህ እኔ ነጥቡን ከማየቴ በፊት፥ ዝናሙ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረና እያንዳንዱ ጠርሙስ በስንት ሰዓት እንደ ተቀዳ የተጻፈበትን መዝገብ እጠይቃለሁ።