ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት፦ ከእባብ የሚከላከል ጫማ አመራረጥ

በእባብ መነደፍ በአብዛኛው የእግር ጉዳት ነው። በእርሻ የሚሠሩም ሆኑ በጫካ የሚጓዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚነደፉት ከጉልበት በታች፣ በተለይም በእግር ጀርባና በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ሲሆን፣ ይህ የሚሆነው እባቡ ሰውን አሳድዶ ስለሚያጠቃ ሳይሆን ሲረገጥ ወይም የሚረገጥ ሲመስለው ራሱን ለመከላከል ስለሚነድፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ እንደሚነደፉ፣ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚደርሱት እንደሚሞቱ፣ የዚህን ሦስት እጥፍ የሚያህሉት ደግሞ እጅ ወይም እግራቸውን እንደሚያጡ ወይም ሌላ ዘላቂ ጉዳት እንደሚደርስባቸው ያመለክታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ መርዝ ጉዳትን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በዚሁ ክብደቱ ምክንያት ነው። የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት በማይገኝበት ወይም ከመንገድ ርቀት የተነሳ ዘግይቶ በሚደረስበት ምድር እግርን አስቀድሞ መሸፈን ብዙዎች ሊያገኙት የሚችሉት ቀዳሚ መከላከያ ነውና፣ የጫማ ምርጫ እንደ ተራ የአለባበስ ጉዳይ ሊታይ አይገባውም።

ጫማን በትክክል ለመምረጥ መጀመሪያ የእባቡን የመርዝ ጥርስ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የመርዝ ጥርስ እንደ ሐኪም መርፌ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ከላይኛው መንጋጋ ከሚገኘው የመርዝ ዕጢ ጋር የተያያዘ ጥርስ ነው። እፉኝቶች፣ ማለትም ወፍራም አካልና ሰፊ ጭንቅላት ያላቸው የመርዘኛ እባቦች ወገን፣ ይህን ጥርስ አፋቸው ሲዘጋ ወደ ኋላ አጥፈው ያኖሩታል፣ ሲነድፉ ደግሞ ወደ ፊት ይዘረጉታል፤ በመታጠፉም ምክንያት ረጅም ሊሆን ችሏል። ኮብራና ማምባ ግን ጥርሳቸው የማይታጠፍ በመሆኑ አጭር ነው። ፑፍ አደር በመባል የሚታወቀው ወፍራም እፉኝት ጥርሱ ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፣ የማምባው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ቀላል ቢመስልም ብዙ ገዢዎች ይዘነጉታል፤ ጫማ የሚመረጠው እባቡን ለማስደንገጥ ወይም ንድፊያውን ለማስቀረት ሳይሆን፣ በጥርሱ ጫፍና በቆዳ መካከል ጥርሱ ሊያልፈው የማይችል ርቀት ለመፍጠር ነው።

ይህ ርቀት በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው የዕቃው ጥንካሬና ውፍረት ሲሆን፣ ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው በዕቃውና በእግሩ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። በካሊፎርኒያ የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ ራትልስኔክ የሚባሉት ጅራታቸውን የሚያንኳኩ እባቦች ፈሳሽ የተሞላ ጓንት እንዲነድፉ ተደርጎ፣ ጓንቱ በጂንስ ጨርቅ በተሸፈነ ጊዜ ወደ ውስጥ የገባው መርዝ ባልተሸፈነው ጓንት ውስጥ ከገባው ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ጂንስ የመርዝ ጥርስን የሚያስቆም ጨርቅ አይደለም፤ ሆኖም ጥርሱን ስለሚያደናቅፍና ከመርዙም ከፊሉን ውጭ ስለሚያስቀር፣ ከእግር ጋር ከተጣበቀ ስስ ሱሪ ይልቅ ሰፋ ያለ ወፍራም ሱሪ በቦት ላይ ወርዶ መለበሱ ምንም ተጨማሪ ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በሰሜን ምዕራብ ቆላ፣ በሑመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎች ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ ወደዚያ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ብዙዎቹ በነጠላ ጫማ፣ በበረባሶ ወይም በባዶ እግር ይሠራሉ፣ መሬት ላይም ይተኛሉ፤ በዚያው ቆላ በአብደራፊ የሚሠራው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከካላ አዛር በሽተኞች ጎን ለጎን በእባብ የተነደፉትን ሲያክም መቆየቱ የአደጋውን ስፋት ይናገራል። በእነዚህ ቆላዎች ከሚገኙት እባቦች አንዱ ኤኪስ የሚባለው ትንሽ እፉኝት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም መርዙ የደም መርጋትን ስለሚያውክ የተነደፈው ሰው ከድዱና ከቁስሉ ደም መፍሰሱ ላይቆም ይችላል። ኤኪስ ሲቆጣ ቅርፊቶቹን እርስ በርስ እያፋጨ የመጋዝ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ፑፍ አደር ግን የመሬቱን መልክ በያዘ ቆዳው ተማምኖ ሳይንቀሳቀስ ይጋደማል፣ ሰውም እስኪረግጠው ድረስ ላያየው ይችላል። በደን ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ በባሌ ተራሮች ሐረና ደን የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሳይንስ አዲስ ሆኖ የተገለጸ ቢቲስ ሐረና የተባለ እፉኝት መኖሩ፣ እባብ የቆላ ብቻ ነው የሚለው ግምት በደጋ ጥንቃቄን ሊያስረሳ እንደማይገባ ያሳያል።

ከዚህ በመነሳት በገበያ ያሉትን ጫማዎች መመዘን ይቻላል። ነጠላ ጫማና በረባሶ ከእሾህና ከትኩስ መሬት እግርን ቢጠብቁም የእግር ጀርባንና ቁርጭምጭሚትን ገልጠው ስለሚተዉ በዚህ ረገድ ከባዶ እግር ብዙም አይሻሉም። ሸራ ጫማና ኮንጎ ጫማ የእግር ጀርባን ይሸፍናሉ፤ ለአጭር ጥርስ ጥቂት እንቅፋት ቢሆኑም ቁርጭምጭሚትን አይሸፍኑም። ከስክስ የሚባለው የወታደር ጫማ ቁርጭምጭሚትን በወፍራም ቆዳ ስለሚሸፍን ጥሩ መነሻ ሲሆን፣ ጉድለቱ ከባት በታች ማብቃቱ ነው። በግንባታ ቦታ የሚለበሰው ጣት ላይ ብረት ያለው ጫማ በዓለም አቀፉ መለኪያ ለሚወድቅ ዕቃ የሚመጥን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ብረቱ ጣትን ብቻ ስለሚጠብቅ ለእባብ ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምክንያት የለም።

የጎማ ቦት፣ በብዙ ቦታ ቦቲ የሚባለው፣ ከሌሎቹ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። እስከ ጉልበት አቅራቢያ ይደርሳል፣ ጭቃና ውኃ አያስገባም፣ አንገቱም ሰፊ በመሆኑ ቀደም ሲል የተነገረውን ባዶ ቦታ ያስገኛል፤ የፑፍ አደር ጥርስ ስሱን ጎማ ቢበሳ እንኳ እስከ ቆዳ የሚቀረው ርቀት ንድፊያውን ሊያከሽፈው ይችላል። ገዢው የሚመረምረው ጎማው በተለይ በቁርጭምጭሚት መታጠፊያ ላይ ስስ አለመሆኑን፣ እግር በወፍራም ካልሲ ገብቶ ተረከዙ ወደ ላይ የማይንሸራተት መሆኑን፣ አንገቱም ባትን አጥብቆ የማይይዝ መሆኑን ነው። እግር ከሰዓት በኋላ ስለሚያብጥ ጫማ መለካት የሚሻለው ቀን ከተሠራ በኋላ ነው። የቦቲ ትልቁ ችግር ሙቀቱ ሲሆን፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በምያንማር ረስል እፉኝት የሩዝ ገበሬዎችን በሚያጠቃበት በታውንግድዊንጂ አካባቢ ተመራማሪዎች ለገበሬዎች የመከላከያ ቦት አቅርበው ሲፈትኑ የጠየቁት ገበሬው ሊለብሰው ይፈቅዳል ወይ የሚለውን ጭምር ነበር። በቀትር ተወልቆ ከዛፍ ሥር የሚቀመጥ ጠንካራ ቦት፣ ቀኑን ሙሉ ከሚለበስ መካከለኛ ቦት ያነሰ ይጠብቃል። ስለዚህ የጥጥ ካልሲ መቀየሪያ መያዝ፣ በዕረፍት ሰዓት በተጠረገ ቦታ ላይ እግርን ማናፈስና ማታ ጫማውን ማድረቅ የመከላከሉ አካል ነው።

ቦቲ ለማይመቸው ተጓዥ የተሻለው ምርጫ ከስክስን ከገምባሌ ጋር ማጣመር ነው። ገምባሌ ከጫማው ጀርባ ተነስቶ እስከ ጉልበት ሥር የሚወጣ፣ በማሰሪያ ወይም በዘለበት የሚያዝ የባት መሸፈኛ ነው። ለእባብ መከላከያ ተብለው የሚሸጡት ጥቅጥቅ ካለ የናይለን ጨርቅ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ በፊት በኩል ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይገባባቸዋል፤ ቁመታቸው ብዙውን ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ "እባብ አያሳልፍም" ማለቱ በየትኛው እባብ እንደተፈተነ ካልተነገረ ብዙም ዋጋ የለውም። የገምባሌው የታችኛው ጠርዝ የጫማውን ክርና ምላስ ሸፍኖ መውረዱን ማየት ያስፈልጋል፤ በጫማውና በገምባሌው መካከል ክፍተት ከቀረ የተጋለጠው ንድፊያ የሚበዛበት የእግር ጀርባ ነውና። በአገር ውስጥ ቆዳ ሠሪ ወፍራም የከብት ቆዳ ተቆርጦ በማሰሪያ የተሰፋ ገምባሌ ለእርሻ ሥራ ይበጃል፤ ቆዳው ግን ከእሳት ርቆ ደርቆ ቅባት ካልተቀባ ይሰነጠቃል።

የዚህ መከላከያ ወጪ በቀን ሠራተኛው ላይ ብቻ መጣሉ ትክክል አይደለም። ማጭዱንና ውኃውን የሚያቀርብ የእርሻ ባለቤት ቦቲውንም በተለያየ ቁጥር፣ የሴቶችንም እግር ታሳቢ አድርጎ ማቅረብ ይገባዋል፤ ማገዶ የሚለቅሙትና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በእባብ መተላለፊያ ላይ የሚመላለሱ ሆነው ሳለ በልካቸው ጫማ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸውና። ጫማው ሌላም ጥቅም አለው፤ በደጋው ቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ዘመን በመሄድ የሚመጣውን ፖዶኮኒዮሲስ የተባለ የእግር እብጠት ይከላከላል።

ጫማ የማይደርስበት ቦታ እንዳለም መታወቅ አለበት። ማምባ ከፍ ብሎ ሊነድፍ ይችላል፤ መርዝ የሚተፋው ኮብራ የሚያነጣጥረው ዓይን ላይ ነው፣ የተተፋበትም ሰው ዓይኑን ወዲያውኑ በብዙ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል። ሰሊጥ የሚያጭድ ሰው እጁ ወደ መሬት ስለሚወርድ ነዶውን ከማንሳቱ በፊት በእንጨት መነካካት ያስፈልገዋል። በጫካ የወደቀ ግንድ ሲገጥም በዚያኛው ጎን ምን እንዳለ ሳያዩ አሻግሮ ከመርገጥ፣ ግንዱ ላይ ወጥቶ አይቶ መውረድ ይሻላል። ፑፍ አደር በሌሊት ስለሚንቀሳቀስ ወደ ሜዳ የሚወጣ ሰው ጫማውንም ባትሪውንም አይተውም፤ ጫማው ደግሞ በአፉ ተደፍቶ በችካል ላይ ካላደረ፣ ጠዋት ከመጫማት በፊት ተገልብጦ መራገፍ አለበት፣ እባብና ጊንጥ እንዲህ ያለ ጨለማ ቦታ ስለሚወዱ።

ሰው ጫማ ለብሶም ከተነደፈ ጫማው ራሱ የመጀመሪያው ጉዳይ ይሆናል። እግሩ በፍጥነት ሊያብጥ ስለሚችል ጫማው፣ ካልሲው፣ ገምባሌውና አልቦው እብጠቱ ከመጨመሩ በፊት መውለቅ አለባቸው፤ ሰፊ አንገት ያለው ወይም ክሩ እስከ ታች የሚፈታ ቦት ተመራጭ የሚሆነው ለዚህም ነው፣ ክሩ ካልተፈታ በቢላ ይቆረጣል፣ እግሩ ግን አይጎተትም። ከዚያ እግሩ በእንጨት ተደግፎ ሳይንቀሳቀስ፣ ቁስሉ ሳይበጣ፣ ሳይመጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ ሳይለጠፍበትና በገመድ ሳይታሰር፣ ሰውየው ራሱ ሳይራመድ ተሸክመውት የመርዝ ማርከሻ ወዳለበት ጤና ተቋም ይወሰዳል። እባቡን ለመያዝ ወይም ለመግደል መሯሯጥ ሌላ ሰው ያስነድፋል፤ ሐኪሙን የሚረዳው ሰውየው የተነደፈበት ሰዓትና እብጠቱ በየትኛው ሰዓት የት እንደደረሰ የሚያሳይ፣ በእስክርቢቶ በቆዳው ላይ የተሰመረ ምልክት ነው።