እንግዳው ተምሮ ሲሄድ ለባለቤቱ ምን ይቀራል?

ለጥናት የመጣ እንግዳ ማስታወሻውን ሞልቶ ወደ አገሩ ይመለሳል። ለመሆኑ ያስተናገደው ሕዝብ ምን ያገኛል? ይህ ጥያቄ ያደረብኝ ለሥራ ወደ ጌዴኦ ዞን ሄጄ ከዲላ ወጣ ብሎ ከሚገኝ አንድ የትክል ድንጋይ ሥፍራ በቆምኩበት ቀን ነው። ያስጎበኙኝ አዛውንት ስንቱ ፈረንጅና ስንቱ የአዲስ አበባ ተማሪ ሲለካና ፎቶ ሲያነሳ እንዳዩ አጫወቱኝ። ከእነዚያ ሁሉ የጻፈውን መልሶ ያመጣላቸው አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ሳቅ አሉና ወደ ቡናቸው ዞሩ።

ይሁን እንጂ ቸኩለን አንፍረድ። ፈረንሳዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሮዤ ዡሶም ቱቱ ፈላን አስቆፍረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 በመጽሐፍ አሳተሙ። ቀጥሎም በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አሸናፊ ዜና ከባልደረቦቻቸው ጋር የሳካሮ ሶዶን ድንጋዮች ዕድሜ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 አስታወቁ። ቀድሞ ከ1 ሺህ ዓመት ብዙም አይርቁም የተባሉት ትክል ድንጋዮች በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆሙ ሆነው ተገኙ! በሥፍራው ከተገኘው ባልጩት አብዛኛው ደግሞ ከሰሜን ኬንያ የመጣ ነው። የጌዴኦ ምድር ከሩቅ ሰው ጋር መገናኘት የጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ስለ እርሻውም እንዲሁ ነው። ጌዴኦ ትልልቁን ዛፍ ከላይ፣ እንሰትን ከመሐል፣ ቡናን ከሥር አድርጎ በአንድ ማሳ ያኖራል። ዳገት ላይ የተከማቸ ያን ያህል ሕዝብ ደኑን ሳይጨርስ የኖረበትን ብልሃት ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በሰፊው ተነተኑት። እ.ኤ.አ. በ2023 ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ያለ ጥናት አይጻፍም። የአባቱን እርሻ ኋላ ቀር ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ዓለም ሊማርበት መምጣቱን ሲያይ ቀና ብሎ የሚሄድ ይመስለኛል። ይህን ጥቅም በብር አንለካውም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። የዡሶም መጽሐፍ በፈረንሳይኛ፣ የቀሩት በእንግሊዝኛ ናቸው። አዛውንቱ በየትኛው ያንብቡት?

በወሎ ከሩቅ አገር መጥቶ ኪታብ የሚቀራውን ደረሳ መንደርተኛው ያበላው ነበር፤ ደረሳውም በፋንታው የመንደሩን ልጆች ያስቀራ ነበር። ማንም ውል አልጻፈም። የዛሬው አጥኚ ግን ውል የሚፈርመው ገንዘቡን ከሰጠው ድርጅት ጋር ብቻ ነው። እዚያው የተከፈተው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከእያንዳንዱ እንግዳ ተመራማሪ አንድ ነገር ቢጠይቅ አይበዛም፤ ከመሄዱ በፊት ያገኘውን ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሶንጎ፣ በጌዴኦኛ ተተርጉሞ፣ ያስረዳ። ሽማግሌዎቹም የተሳሳተውን ያርሙታል፤ ጥናቱ ራሱ ይጠቀማል።

ለነገሩ እኔም ከእነዚያ እንግዶች አንዱ ነኝ። ፎቶ አንስቼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ እልካለሁ ብዬ የወጣሁ ሰው። ይህ እትም እንደታተመ ሁለት ቅጂ ወደ ዲላ በሚሄድ አውቶቡስ እልካለሁ፤ አንዱ ለእሳቸው፣ ሌላው አንብቦ ለሚያሰማቸው የልጅ ልጃቸው።