ላባቸውን የጣሉ ዶሮዎች ይሸጡ ወይስ ይቆዩ?

ጥያቄ፦

ዶክተር፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢዬ ውስጥ አምስት ቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች አሉኝ፤ አንድ ዓመት ተኩል ሆኗቸዋል። ክረምቱን በቀን እስከ አራት እንቁላል አገኝ ነበር። አንደኛዋ በመስከረም መጀመሪያ ላባዋን ማርገፍ ጀመረች፤ ይኸው ኅዳር ገብቶም አልጨረሰችም፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እያለች ትጥላለች። አራቱ የጀመሩት በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከእነሱ አንዷማ በሳምንት ውስጥ ራቁቷን ቀረች፤ ጭራ የላት፣ አንገቷ ቆዳ ብቻ፣ ስታይዋት ታሳዝናለች። እንቁላል ከነጭራሹ ቆመ። ጎረቤቴ «ፈንግል ነው፤ ሳይሞቱብሽ ሽጫቸው፤ ያቺን ራቁቷን ግን ዛሬውኑ» አለችኝ። እኔም ደንግጬ ቤት የነበረውን የቴትራሳይክሊን እንክብል በውኃቸው በጥብጬ ሰጠኋቸው። ለውጥ የለም። ልሽጣቸው ወይስ ተስፋ አላቸው?

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

እህቴ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ የበሽታ ምልክት አላገኘሁም። ዶሮዎችዎ ላባ እየለወጡ ነው። ያቺን ራቁቷን የቀረችውን ደግሞ አደራ እንዳይሸጧት፤ ከአምስቱ የተሻለችው እንቁላል ጣይ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

በቅድሚያ ቴትራሳይክሊኑን ያቁሙ። ላባ ለመለወጥ መድኃኒት አያስፈልግም። የመድኃኒቱ ቅሪት ግን ሥጋና እንቁላል ውስጥ ይቆያል፤ ያንን የሚበላው ደግሞ ቤተሰብዎ ነው። ለሰው የተሠራ እንክብል ስለሆነ ለዶሮ ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎ አልተጻፈበትም። የሰጡበትን ቀንና መጠን ይዘው በአካባቢዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ፤ እስከዚያ ድረስ ከዶሮዎቹ ምንም አይብሉ።

ፈንግል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ያውቁት ነበር። ፈንግል ሲገባ ዶሮ ትደበታለች፣ መኖ ትተዋለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አንዳንዷም አንገቷ ይጠመዘዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞት ይከተላል። የእርስዎዋ የመጀመሪያዋ ዶሮ ከመስከረም ጀምሮ ላባ ስትጥል አንድም አልሞተችብዎትም። ጥርጣሬ ከቀረዎ አንዷን ይያዙና የአንገቷን ላባ ገለጥ አድርገው ይዩ። ከቆዳዋ እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያለ አዲስ ላባ ካለ ነገሩ አለቀ።

ላባ የሚያሳጣ ሌላም ነገር ስላለ ግን ይህን ይመልከቱ። ጀርባዋ ብቻ ተመልጦ የቀረው ላባ የተሰባበረ ከሆነ የአውራ ዶሮ ሥራ ነው። ከኩስ መውጫዋ በታች ላባው ሥር ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ ካዩ የቅማል እንቁላል ነው። ማታ በባትሪ የቆጡን ስንጥቅ ይፈትሹ፤ ቀን እዚያ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጥጡ ጥቃቅን ቀያይ ተባዮች አሉ። ለቆጡ የፈላ ውኃ፣ ለዶሮዎቹ ደግሞ የሚንደባለሉበት ደረቅ አፈርና አመድ ያዘጋጁ። የሰብል ፀረ ተባይ የሚረጩባቸው ሰዎች አያለሁ፤ እባክዎ እርስዎ እንዳያደርጉት። አንገተ መላጣዋ የሐበሻ ዶሮ ግን ተፈጥሮዋ ነው፤ እሷን ሊያክሙ አይድከሙ።

ጤነኛ ዶሮ የመጀመሪያውን ሙሉ የላባ ለውጥ ብዙ ጊዜ የምታደርገው አንድ ዓመት ሞልቷት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይመላለሳል። በፈረንጅ አገር ዋናው ቀስቃሽ የቀን ማጠር ነው። ለንደን ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ከ8 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም፣ ብርሃኑ መቀነስ ሲጀምር ዶሮዎቹ በአንድ ወቅት ይራገፋሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ስለዚህ የእኛ ዶሮዎች የሚጀምሩበት ወር ይለያያል፤ ዓመት ሙሉ የመጣል ድካም፣ የመኖ መጓደል፣ መታቀፍ፣ የቦታ ለውጥ፣ አንድ ቀን ውኃ ማጣት እንኳ ሊያስጀምራቸው ይችላል።

እንቁላሉ የቆመው ለምን መሰለዎ? ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ እንቁላልም ፕሮቲን ይፈልጋል። ሰውነቷ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስለማይችል እንቁላሉን ይተወዋል። በዚያው ጊዜ የእንቁላል ማሕፀኗ ተኮማትሮ ያርፋል፣ ይታደሳል። ከለውጡ በፊት ቅርፊቱ ሳስቶ የነበረ ዶሮ በኋላ ጠንካራ ቅርፊት ይዛ የምትመለሰው በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ራቁቷ ዶሮ ልመለስ። ክንፏን ዘርግተው ይዩ። በውጭ በኩል 10 ትልልቅ ላባዎች አሉ፤ ከክንፉ መሐል ካለችው አጭር ላባ ጀምሮ ወደ ጫፉ በተራ ይወድቃሉ። አንዱ ትልቅ ላባ ወድቆ በቦታው ሌላው ሙሉ ለሙሉ እስኪያድግ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ሦስት አራቱ አንድ ላይ ቢወድቁም የሚያድጉት በዚያው 6 ሳምንት ነው። ባንዴ የተራቆተችው ዶሮ ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ጨርሳ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች። አንድ አንድ እያለች የምትጥለዋ ግን 5 እና 6 ወር ልትቆይ ትችላለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ መኖዎን ትበላለች፣ እንቁላል የለም። በዚህ ላይ ጥሩ ጣይ ዶሮ መጣሏን እስከ መጨረሻው ስለምትገፋ ላባ መለወጥ የምትጀምረው ዘግይታ ነው። ዘግይታ ጀምራ ቶሎ የምትጨርሰው ትያዛለች፤ ቀድማ ጀምራ የምትጎተተው ትሸጣለች። ጎረቤትዎ ለእርስዎ ተቆርቁረው ነው የተናገሩት፤ ምክራቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

አያያዙ ላይ ትልቁ ነገር መኖ ነው። ብዙ ሰው ዶሮው ስትራቆት «ይሙቃት» ብሎ በቆሎ ይጨምርላታል። በቆሎ ፕሮቲኑ ከ10 በመቶ በታች ስለሆነ ሆዷን ሞልቶ ላባዋን ያዘገየዋል። የእንቁላል ጣይ መኖ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ወደ 18 ከፍ ቢል ይጠቅማል። ለዚህ 6 እጅ መኖ በ1 እጅ የኑግ ፋጉሎ ይቀላቅሉ። ከዚያ አያብዙ፤ ፋጉሎው አሰር ይበዛበታል። የሰሊጥ ፋጉሎ ካገኙ እሱም ጥሩ ነው፤ ላባ በጣም የሚፈልገው ሜቲዮኒን አለው። ባቄላና አተር በዚህ በኩል ደካማ ናቸው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ የእንቁላል ፈላጊ ስለሚቀንስ፣ ጥቂት ገዝተው ቀቅለውና ፈርፍረው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሰጧቸው እንደዚያ ያለ መኖ የለም። ጥሬውን ግን አይስጡ፤ እንቁላል ሰብሮ መብላት ይለምዳሉ። የተፈጨ ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ በሌላ ዕቃ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ስትፈልግ ራሷ ትለቅማለች።

የእናንተ ከተማ ውርጭ ቀላል ስላልሆነ ለተራቆተች ዶሮ ነገሩ ከባድ ነው። ነፋስ የሚገባበትን በኩል ይጋርዱ፤ ከላይ ግን አየር መውጫ ይተዉ፤ ታፍኖ የሚቀር የኩስ ሽታ ሳንባ ይጎዳል። ደረቅ ጭድ ወፈር አድርገው ያንጥፉ፣ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ ይስጡ። ከሰል አንድዶ ቤታቸው ማስገባት ፈጽሞ አይሆንም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። አዲሱ ላባ ውስጡ ደም ስላለበት ሲነካ ያማቸዋል፤ ያለ ምክንያት አይያዟቸው። አንዱ ተሰብሮ ከደማ ዱቄት ነስንሰው ጫን አድርገው ይያዙት፤ ደሙ ደርቆ እስኪጠራ ድረስም ከሌሎቹ ይለዩአት፤ ደም ያየ ዶሮ መውጋት አይተውም።

አምፖል አብርቶ እንቁላል ለማስቀጠል መሞከር አሁን ጊዜው አይደለም፤ ይረፉ። የፈንግል ክትባታቸው ጊዜው አልፎ ከሆነ ላባቸው ሲመለስ ያስከትቡ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የጀመሩት፣ በተለይ ራቁቷ፣ ጥር ውስጥ ቢጥሉ አይደነቁ። እንቁላሉ በቁጥር ከመጀመሪያው ዓመት ያንሳል፤ መጠኑ ግን ይተልቃል። ለገና ዶሮ ካስፈለገዎ፣ ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ ከፈቀደልዎ፣ በመስከረም ጀምራ እስከ ዛሬ ያልጨረሰችውን ይረዷት።