የአኔት ቂም፦ የቆሰለ የልጅ ልብ እንዴት ይድናል?

ለጥናቱ የሚነበቡ ክፍሎች፦ ማቴዎስ 5፥23-24፤ ኤፌሶን 4፥31-32፤ ዕብራውያን 12፥15



የተራበ ልጅ በፊቱ ይታወቃል፤ የታመመም እንዲሁ። ቂም የያዘ ልጅ ግን ትምህርቱን እየተማረ፣ መዝሙሩን እየዘመረ፣ ታዛዥ መስሎ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከልጆች ጋር የምናገለግል ሁላችን ይህን የተሰወረ ቁስል ማወቅ ይገባናል። በዚህ ጥናት የአንዲትን ልጅ ታሪክ ይዘን እንማማራለን። ልጅቱ አኔት ትባላለች፤ የምትገኘውም በልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

መጽሐፉን የጻፉት እንግሊዛዊቷ ፓትሪሺያ ሴንት ጆን (1919-1993) ናቸው። እርሳቸው በሞሮኮ አገር፣ በታንጀር ከተማ፣ በሚስዮን ነርስነት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ «የበረዶው ሀብት» እንደ ማለት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1950፣ ማለትም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከ5 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ባለች መንደር ነው።

1ኛ/ ከቂሙ በፊት ኀዘን ነበረ

አኔት ገና ልጅ ሳለች እናቷ በገና ዋዜማ ወንድሟን ዳኒን ወልደው ሞቱ። እርሷም ከአያቷ ጋር ሆና ሕፃኑን አሳደገችው። እንግዲህ ዳኒ ለአኔት ወንድም ብቻ አልነበረም፤ ከእናቷ የተቀበለችው አደራ ነበር።

ሉስየን የሚባለው ልጅ በዚያው ተራራ ላይ ያደገ ጎረቤቷና አብሯት የሚማር ነው። ጠባቸው የተጀመረው በትንሽ ነገር ነበር። ሉስየን በእንጨት መንሸራተቻው በበረዶ ላይ ሲወርድ አኔትን ገጭቶ ጣላት፤ ሳያነሣትም አልፎ ሄደ። ይህ ቅያሜ ሳይታረቅ ቆየ። አንድ ቀን ሉስየን ዳኒን ለማስለቀስ ብሎ የሕፃኑን ድመት በገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥሎ ያዘ። ድመቷ ከእጁ አመለጠች፤ ዳኒም ሊያድናት ሲል ገደል ገባ። በሕይወት ቢተርፍም እግሩ ተጎዳና በምርኩዝ የሚሄድ ሆነ።

የአኔት ቁጣ ከየት እንደ መጣ እናስተውል። እናቷን ያጣች ልጅ አደራዋንም ልታጣ ነበር። የልጅን ክፉ ጠባይ ከመገሠጻችን በፊት ከበስተኋላው ያለውን ኀዘን መጠየቅ ያስፈልገናል።

2ኛ/ የተበደለችው በዳይ ሆነች

ከዚያ ወዲያ ሉስየንን ልጆች ሁሉ ራቁት። ብቸኝነት ሲበዛበት በተራራ ላይ ብቻቸውን ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ እየሄደ እንጨት መቅረጽ ተማረ። በትምህርት ቤት ለሚደረግ የእጅ ሥራ ውድድርም ያማረ ፈረስ ቀረጸ። አኔት ግን ሰው በሌለበት ፈረሱን አግኝታ ሰባበረችው። ማንም አላያትም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣች።

የአገራችን ሰው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል። ሳሉ ሌባውን እንደሚያጋልጠው ሁሉ ቂምም ጸሎታችንን ያጋልጠዋል። የዕብራውያን መልእክት መራራነትን ከሥር ጋር ማመሳሰሉ ስለዚህ ነው፤ ሥር ከመሬት በታች ሆኖ ሳይታይ ያድጋልና። አኔት በዳኒ ነገር እውነት ነበራት። ይሁን እንጂ እውነት ያለው ሰው ሁሉ ልቡ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

3ኛ/ ፈውሱ በምን ጀመረ?

አያቷ አኔትን «ጥላቻሽን ተዪ» ብለው ብቻ አላለፏትም። ጨለማን ከቤት በእጅ ገፍቶ ማስወጣት እንደማይቻል፣ መስኮት ሲከፈት ግን ብርሃኑ ራሱ እንደሚያስወጣው አስረዷት። ጥላቻም እንዲሁ የክርስቶስ ፍቅር ሲገባ ይወጣል።

ሆኖም አኔት የሰበረችውን ፈረስ ደብቃ ሙሉ ሰላም ልታገኝ አልቻለችም። በመጨረሻ በበረዶ ላይ ወድቃ እግሯ ተወልግዶ ሳለ ያገኛትና የረዳት ያው ሉስየን ሆነ። በዚያን ጊዜ በደሏን ነገረችው፤ ዕርቅም ሆነ። ሉስየንም በኋላ በበረዶ ማዕበል ተራራ አቋርጦ ለዳኒ ሐኪም ፈለገ፤ ዳኒም ታክሞ ዳነ። ልብ በሉ፤ ዕርቁ የተፈጸመው የዳኒ እግር ከመዳኑ በፊት ነው። ይቅርታ ጉዳቱ እስኪካስ ድረስ የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ አኔት እስከዚያ ድረስ እስረኛ በሆነች ነበር።

4ኛ/ እኛስ ምን እናድርግ?

ሀ/ የተጣሉ ልጆችን በጉባኤ ፊት በግድ አናጨባብጥ። አስቀድመን እያንዳንዱን ለብቻው፣ ታግሠን እናዳምጥ።

ለ/ በዳዩን ልጅ ከመካከላችን አንጣለው። ሉስየንን ከተስፋ መቁረጥ ያዳነው አንድ ሽማግሌ በሩን ስለ ከፈተለትና ሥራ ስላስተማረው ነው።

ሐ/ ይቅርታ ማለት በደልን መሸፈን አይደለም። ትልቅ ሰው በልጅ ላይ ግፍ ቢፈጽም ልጁን «ይቅር በል» ብለን ወደ አደጋው መመለስ ኃጢአት ነው። አስቀድመን ልጁን እንጠብቅ፤ ነገሩንም ለሚመለከተው አካል እናስታውቅ።

መ/ ልጁ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ዝም ቢል፣ ወይም ሁልጊዜ ቢደነግጥና ይህ ለሳምንታት ቢቆይ፣ ከጸሎታችን ጋር ወደ ጤና ባለሙያ እናድርሰው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1/ በአጥቢያችን ወይም በፕሮጀክታችን ኀዘኑን ማንም ያልጠየቀው ልጅ አለን?

2/ ልጆች ሁሉ የራቁት «ሉስየን» በመካከላችን ማን ነው? በር የሚከፍትለትስ ማን ይሁን?

3/ በእኛ በአገልጋዮች መካከል ያልተነገረ «የተሰበረ ፈረስ» ይኖር ይሆን?

ሦስተኛውን ጥያቄ ቸኩለን እንዳናልፈው እንለምናችኋለን። ልጆች ይቅርታን ከትምህርታችን ይልቅ ከኑሯችን ይማራሉና። ጌታ ይርዳን።